ከማሳው የወጣውን ወደ ማሳው መመለስ፦ የአንድ ጥማድ በቆሎ የሥራ ማስታወሻ

የካቲት 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይህ ማስታወሻ በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ከተማ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ በሚገኘው የቤተሰቤ ይዞታ ላይ ዘንድሮ የምሠራውን ሥራ የምመዘግብበት ነው። አያቴ በሕይወት ሳሉ 8 ጥማድ፣ ማለትም 2 ሔክታር ገደማ ያርሱ ነበር። ይዞታው ለልጆቻቸው ሲከፋፈል ለእናቴ 3 ጥማድ ደረሳት፤ ዛሬ ከእነዚህ 3 ጥማዶች የሚበሉት 7 ሰዎች ናቸው። በ1986 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ አገራችን 53 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቁጥሩ ወደ 74 ሚሊዮን ተጠግቷል። በእኛ መንደር የሕዝቡን ማደግ ለመረዳት የድንበሩ ድንጋይ ቀድሞ የት እንደነበረ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ይበቃል።

ያሰብሁት ሥራ ይህ ነው። ከሦስቱ ጥማዶች አንዱን 25 ሜትር በ25 ሜትር በሆኑ 4 እኩል መደቦች እከፍላለሁ፤ በአራቱም ላይ አንድ ዓይነት የበቆሎ ዘር በአንድ ቀን እዘራለሁ፤ የማለያየው አፈሩን የምመግብበትን መንገድ ብቻ ሲሆን፣ በመጨረሻም የእያንዳንዱን መደብ ምርት ለብቻው እመዝናለሁ። ማወቅ የምፈልገው የምንገዛውን ማዳበሪያ በግማሽ ቀንሰን፣ ምርቱ ሳይወርድና አፈሩም እየተሻለው እንዲሄድ ማድረግ በእኛ ቤት አቅም ይቻል እንደሆነ ነው።

ለሥራው መነሻ የሆነኝ ሒሳብ አጭር ነው። ይህ ጥማድ በ2013 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ 50 ኪሎ ዩሪያና 50 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) ተደርጎበት 10 ኩንታል ከ40 ኪሎ በቆሎ ሰጥቶናል። 10 ኩንታል በቆሎ በፍሬው ብቻ 15 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ከማሳው ይዞ ይወጣል። አገዳው ደግሞ ለከብት ይሰጣል፤ ከከብቱ የሚገኘው እበት ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆንና ይነዳል፤ ማሳው ላይ የቀረውን ቃርሚያ የጎረቤት ከብት በልቅ ግጦሽ ያነሣዋል። ከማሳው የሚወጣበት መንገድ እንዲህ ብዙ ሲሆን የሚመለስበት መንገድ ግን ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ የምንገዛው ጆንያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

የካቲት 16 ቀን

ላለፉት 7 ቀናት እናቴ ለእንጀራና ለወጥ ያነደደችውን ኩበት ሁሉ በሚዛን ስመዘግብ ቆየሁ፤ 21 ኪሎ ሆነ። በቀን 3 ኪሎ ማለት በዓመት 1,100 ኪሎ ገደማ ነው። በደረቅ ኩበት ውስጥ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ናይትሮጅን አለ ብለን ብናሰላ፣ በዓመት 16 ኪሎ ናይትሮጅን በጭስ መልክ ከቤታችን ይወጣል ማለት ነው። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ይህ 35 ኪሎ ዩሪያ በየዓመቱ ምድጃ ውስጥ እንደ መጨመር ይቆጠራል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ግን የሚደፋው ከአጥሩ ሥር እንጂ ማሳው ላይ አይደለም።

ውጤቱን ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ኩበቱን ከወሰድህብኝ በምን ልጋግር ነው የምትለኝ? ባሕር ዛፉ እንደሆነ ለሽያጭ ነው የተተከለው» አለችኝ። ትክክል ናት። የአፈር ለምነት ጥያቄ የማገዶ ጥያቄ መሆኑን የግብርና ትምህርት በተማርሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም ምጣዷ ፊት ተቀምጣ ስትጠይቀኝ የምሰጣት መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ የሥራው የመጀመሪያ ወጪ የሚሆነው ምርጥ ምድጃ ነው። ይህ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ስለሚይዝ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ከከተማ ገዝቼ በአህያ አስመጣለሁ።

የካቲት 24 ቀን

የብስባሹን (የኮምፖስቱን) ክምር ጀመርን። ከቤቱ ጀርባ፣ በግራዋው ጥላ ሥር፣ 3 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ተኩል ወርድ ያለው ቦታ ጠርገን ከታች ጭራሮ አነጠፍን። በላዩ የበቆሎ አገዳ፣ ከዚያ የብሳናና የግራዋ ቅጠል ከአረም ጋር፣ ከዚያ እበት፣ ከዚያ እፍኝ እፍኝ አመድና አፈር እያደረግን በየተራ ደረብነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ሲደርስ አቆምን። መሀሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክተናል፤ ይህ እንጨት እየተመዘዘ ሲዳሰስ የክምሩን ሙቀት ይናገራል።

መጋቢት 1 ቀን

እንጨቱን ሳወጣው ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር። በ6 ቀን ውስጥ ክምሩ ለመያዝ አስቸጋሪ እስኪሆን መሞቅ ነበረበት። ከጎን በኩል ገልጠን ስናየው ስሕተቱ ግልጽ ሆነ፤ አገዳውን ሳንቆርጥ እንዳለ ስለደረብነው በመካከሉ ሰፊ ባዶ ቦታ ቀርቷል፣ ያጠጣነውም ውኃ ቀጥ ብሎ ወርዶ መሬት ገብቷል። ከዚህም በላይ ደረቁ ነገር በዝቷል። ብስባሽን የሚያበስሉት ተሕዋስያን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ በደንብ ይሠራሉ፤ የበቆሎ አገዳ ብቻውን ከዚህ መጠን እጅግ የበዛ ካርቦን ይዟል። ክምሩን ሙሉ በሙሉ አፍርሰን አገዳውን በማጭድ ጣት በሚያክል ርዝመት ከታተፍነው፤ ከወንዙ ዳር እርጥብ ሣር አጭደን ጨመርንበት፤ በበረቱ የተጠራቀመውን የከብት ሽንት በ12 ጀሪካን ውኃ በጥብጠን አጠጣነው። በእጄ ጨብጬ ስጨምቀው በጣቶቼ መካከል ጥቂት ጠብታ ብቻ ብቅ ሲል ውኃው በቃ አልን። የቀኑን ሥራ የወሰደው የ3 ሰው ጉልበት ነው፤ ይህን ልብ ብዬ መዝግቤዋለሁ፣ ምክንያቱም ስለ ብስባሽ የሚነገረው ነገር ሁሉ ጉልበቱን ይዘለዋል።

መጋቢት 7 ቀን

እንጨቱን አሁን ከ5 ቆጠራ በላይ ጨብጬ መያዝ አልቻልሁም። በቴርሞሜትር 61 ዲግሪ አሳየ። ጠዋት ላይ ከክምሩ ጫፍ ጭስ የመሰለ እንፋሎት ይነሣል፤ ሽታውም ከእበት ሽታ ወጥቶ ዝናብ የነካው ደረቅ መሬት ወደሚሸተው ሽታ እያዘነበለ ነው። በዚህ ሙቀት አብዛኛው የአረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስያን ስለሚሞቱ ነው ክምሩን ማገላበጥ የሚያስፈልገው፤ ዳር ያለው ወደ መሀል ገብቶ ሙቀቱን ማግኘት አለበት። በየ3 ሳምንቱ እናገላብጠዋለን።

ምድጃውም መጥቶ ተተክሏል።

ሚያዝያ 20 ቀን

የማዳበሪያ ዋጋ ተሰማ፤ ከአምናው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ምክንያቱ ከእኛ ቀበሌ እጅግ ይርቃል። ዩሪያ የሚሠራው በአየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ከተፈጥሮ ጋዝ ከሚገኝ ሃይድሮጅን ጋር በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት በማዋሐድ ነው። ይህን መንገድ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሀበር እ.ኤ.አ. በ1909 በቤተ ሙከራ አሳየ፤ ካርል ቦሽም እ.ኤ.አ. በ1913 ኦፓው በተባለ ቦታ ወደ ፋብሪካ ሥራ አሸጋገረው። ዛሬ በዓለም ላይ ካለው ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ምግቡን የሚያገኘው በዚህ ናይትሮጅን በበቀለ እህል ነው። ስለዚህ በየካቲት ወር የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ተነሥቶ የጋዝም የማዳበሪያም ንግድ ሲናጋ፣ ማዳበሪያዋን በሙሉ ከውጭ የምታስገባው አገራችን ጉዳቱን ለመሸከም ተገደደች።

አንዳንድ ወዳጆቼ «እንግዲያው ጨርሰን እንተወው» ይላሉ። በዚህ ሐሳብ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2021 የስሪላንካ መንግሥት የኬሚካል ማዳበሪያ ወደ አገር እንዳይገባ በድንገት ከለከለ፤ የሩዝ ምርቱ በከፍተኛ ደረጃ ወረደ፣ ሩዝ ይበቃት የነበረች አገር ከውጭ ለመግዛት ተገደደች፣ ክልከላውም ዓመት ሳይሞላው ተነሣ። በሌላ በኩል በትግራይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ከአርሶ አደሮች ጋር ሆነው ያካሄዱት የብስባሽ ሥራ አለ፤ በዚያ ብስባሽ የተደረገበት ማሳ ምንም ካልተደረገበት ማሳ በእጥፍ ገደማ የበለጠ ምርት ሰጥቷል። የሁለቱ ልዩነት በጊዜው ላይ ነው። በትግራይ አፈሩ አስቀድሞ ተመግቦ፣ አርሶ አደሩም ሥራውን በገዛ ማሳው እያየ ነበር የተጓዘው።

ግንቦት 11 ቀን

የአፈሩን አሲዳማነት ለመቀነስ የጠየቅሁት ኖራ ዛሬ ደረሰ። ከምጠብቀው ቀን አንድ ወር ዘግይቷል፤ ማመልከቻ ያስገባሁት በጥር ነው። ኖራ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ሥራውን እንዲሠራ ቢያንስ አንድ ወር ይፈልጋልና በዚህ መዘግየት በጣም አዝኛለሁ፤ የቀረኝ ጊዜ ከ3 ሳምንት ብዙም አይበልጥም።

የአፈራችን ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበዛል) 4.9 ነው። ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናቡም በሚበዛበት በእኛ አካባቢ ለዘመናት የዘነበው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወስዶታል፤ የታጨደው እህልም የድርሻውን ወስዷል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥርን ጫፍ ይመርዛል፤ ፎስፈረሱም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ተክሉ ሊያገኘው የማይችል ይሆናል። በአሲዳማ አፈር ላይ ኤንፒኤስ መጨመር ገንዘብን ቆልፎ ቁልፉን እንደ መጣል ያለ ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 ከመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ ሲታሰብ፣ ስለ ምርት ማነስ በምንነጋገርበት ቦታ ሁሉ ኖራ ቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ነገር ነው።

ሰኔ 2 ቀን

ዛሬ ዘራን። በመስመሮቹ መካከል 75 ሴንቲሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሴንቲሜትር ተውን። ገመድ የያዙት የአጎቴ ልጆች ናቸው። የመደቦቹ አያያዝ እንደሚከተለው ሆኗል።

1ኛው መደብ የተለመደውን ሙሉ ማዳበሪያ አግኝቷል፤ 12 ኪሎ ተኩል ኤንፒኤስና በሁለት ጊዜ የሚሰጥ 12 ኪሎ ተኩል ዩሪያ ማለት ነው። 2ኛው መደብ 20 ጆንያ ብስባሽ ብቻ አገኘ። 3ኛው መደብ ላይ 11 ጆንያ ብስባሽ፣ 125 ኪሎ ኖራና የማዳበሪያውን ግማሽ አደረግሁ። 4ኛው መደብ አምና በነሐሴ አጎቴ ግብጦ የተባለውን መራራ ጥራጥሬ የዘሩበት፣ በጥር ያጨዱበት ነው፤ እዚያ ላይ የግማሹን ማዳበሪያ ብቻ አደረግሁ።

ከክምሩ የወጣው 31 ጆንያ ሲሆን አንዱ ጆንያ በአማካይ 35 ኪሎ መዝኗል። ይህ በድምሩ ከ10 ኩንታል ትንሽ ይበልጣል፤ ግማሹ ግን ውኃ ነው። በቀረው ደረቅ ብስባሽ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከ6 እስከ 7 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ከዚያም ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ለተክሉ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ 2ኛው መደብ በናይትሮጅን እንደሚጎዳ ከአሁኑ እጠብቃለሁ። ብስባሽ ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው፤ አፈሩ ውኃ እንዲይዝ፣ እንዳይጠነክር፣ በውስጡም ነፍሳትና ተሕዋስያን እንዲኖሩበት ያደርጋል።

ሐምሌ 5 ቀን

ተምች ገብቷል። መጤው ተምች ወደ አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ወዲህ በበቆሎ ላይ ያልታየበት ዓመት የለም። ቅጠሉ ላይ መስኮት የመሰሉ ነጫጭ ጠባሳዎች አየሁና እንቡጡን ገለጥ አደረግሁት፤ የመጋዝ ብናኝ የሚመስል እርጥብ ኩስ ሞልቶበታል፣ ከሥሩም ትሉ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የመሰለ ነጭ መስመር፣ ወደ ጭራው ደግሞ በካሬ ቅርጽ የተቀመጡ 4 ጥቁር ነጠብጣቦች ነበሩት። ከሌላው ተምች የሚለየው በዚህ ነው።

ለ6 ቀን ጠዋት ጠዋት ከእናቴና ከልጆቹ ጋር መስመር በመስመር እየሄድን እንቁላሉን ከቅጠሉ ሥር ጨፈለቅን፣ ትሉን ለቀምን፣ የተጎዳው እንቡጥ ውስጥም ጥሩ አፈርና አመድ ቀላቅለን ጨመርን። ጥማድ በሚያህል ቦታ ይህ ይቻላል፤ ከዚያ በሰፋ ማሳ ግን ጉልበቱ አይበቃም። ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ ከእንግሊዙ የሮታምስትድ ምርምር ጣቢያ ጋር ያወጣው «ገፍቶ መሳብ» የሚባል ዘዴ አለ፤ በበቆሎው መስመሮች መካከል ዴስሞዲየም የተባለ የመኖ ሐረግ ይዘራል፣ በማሳው ዙሪያ ደግሞ ዝሆኔ ሣር ወይም ብራኪያሪያ የተባለ ሣር ይተከላል። የዴስሞዲየሙ ሽታ የአገዳ ቆርቁር ትል እናት የሆነችውን የእሳት እራት ከበቆሎው ያርቃል፤ ዳር ያለው ሣር ደግሞ ወደ ራሱ ይስባታል። ተምችንም እንደሚቀንስ በምሥራቅ አፍሪካ ማሳዎች ታይቷል። ዴስሞዲየም ጥራጥሬ ስለሆነ ናይትሮጅን ይሰጣል፣ ታጭዶም ለላም ይሆናል። አንድ ተክል ይህን ሁሉ የሚሠራ ከሆነ ለእንደኛ ያለ ጠባብ ይዞታ የተፈጠረ ነው። ለከርሞ ዘሩን ፈልጌ ማግኘት አለብኝ።

ሐምሌ 20 ቀን

ከትናንት በስቲያ ሽልሻሎውን (በበቆሎው መስመሮች መካከል የሚደረገውን እርሻ) ጨርሰን ሁለተኛውን ዩሪያ ሰጥተን ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ በ1ኛው መደብ የላይኛው ጠርዝ በኩል ጥሶ ገባና ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፈረ። ዛሬ ጠዋት ከማሳው ግርጌ የተከማቸውን ደለል ስመለከት ልቤ ተሰበረ፤ ቡናው የመሰለ፣ እንደ ዱቄት የላመ፣ ከማሳው ሁሉ ምርጡ አፈር ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚታረስ መሬት በዓመት ከአንድ ሔክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚያጣ ሀንስ ሁርኒ የተባሉት የስዊስ ተመራማሪ ያቀረቡት ግምት በብዙ ጽሑፍ ይጠቀሳል። እኔም ቁጥሩን ብዙ ጊዜ ጠቅሼዋለሁ፤ ዛሬ በአካፋ ስዝቀው ክብደቱ ተሰማኝ።

ደለሉን በቃሬዛ ወደ ላይ መለስነው። ከላይ ያለውን እርከን በድንጋይ ጠግነን፣ በእርከኑ ወገብ ላይ 120 የሰስባንያ ዛፍ ችግኝ ተከልን። ቅጠሉ ለመኖ፣ እንጨቱ ደግሞ ለእናቴ ምድጃ ይሆናል።

2ኛው መደብ ላይ የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ በመሀል ጅማቱ በኩል ወደ ግንዱ የሚወርድ ቢጫ ቀለም እያሳየ ነው። ናይትሮጅን ሲያንስ የሚታየው ምልክት ይህ ነው፤ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ዩሪያ ልጨምርለት ብዙ ተፈትኜ ተውሁት፤ ከጨመርሁ የምመዝነው ነገር አይኖርም።

ነሐሴ 27 ቀን

አጎቴ ከማሳው አጠገብ ባለው ቁራጭ መሬት ላይ እንደ ልማዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ አርሰው ግብጦ ዘሩ። «አያ፣ ለምን ደጋግመው አያርሱለትም?» ብላቸው «ግብጦ መሬት ይሰጠዋል እንጂ አይለምንም፤ እኛ ነን የድኻ እህል ነው ብለን የናቅነው» አሉኝ።

መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

የግብጦውን ሥር ለማየት አንድ ተክል በዶማ ዙሪያውን ቆፍሬ አፈሩን በውኃ አጠብሁለት። ሁለት ነገሮች አየሁ። በዋናው ሥር ላይ የተጣበቁት እጢዎች በጥፍር ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ደም የመሰለ ቀይ ነበር፤ ይህ ቀለም ባክቴሪያዎቹ ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ለመሆናቸው ምልክት ነው፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሲሆን ሥራ አቁመዋል ማለት ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ የጠርሙስ መጥረጊያ ብሩሽ የመሰሉ፣ ፀጉር የሚያህሉ ቀጫጭን ሥሮች ጥቅጥቅ ብለው የበቀሉባቸው ዘለላዎች ነበሩ። ግብጦ በእነዚህ ዘለላዎች በኩል ሲትሪክ አሲድ እያፈሰሰ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የቆየውን ፎስፈረስ ይፈታል። እኛ ገዝተን የምንጨምረውንና አፈሩ የሚቆልፍብንን ፎስፈረስ መክፈት የሚችል ሰብል በገዛ ደጃችን አለ።

የግብጦ ችግሩ ምሬቱ ነው። ተቆልቶ ለቀናት በወራጅ ውኃ ካልተዘፈዘፈ አይበላም። ይሁንና በዚሁ ምሬት ምክንያት በልቅ ግጦሽ የሚለቀቀው ከብት አይነካውም፤ አጥር በሌለበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከ1ኛውና ከ3ኛው መደብም አንዳንድ በቆሎ ነቅዬ ሥራቸውን አነጻጸርሁ። ኖራ ያላገኘው ሥሩ አጭር፣ ወፍራምና ጫፉ የደነዘዘ ነው፤ 3ኛው መደብ ላይ ያለው ቀጫጭን ቅርንጫፍ አውጥቶ ወደ ታች ወርዷል። ኖራው በጊዜ ደርሶ ቢሆን ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥቅምት 18 ቀን

ዝናቡ ከቆመ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። 1ኛው መደብ እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉን ይጠቀልላል፤ 2ኛውና 3ኛው እስካሁን አልጠቀለሉም።

ኅዳር 6 ቀን

አገዳውን ማጨድ ጀመርን። ማታ እናቴ ቤት እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ በሬዲዮ የዓለም ሕዝብ ቁጥር ዛሬ 8 ቢሊዮን መድረሱን የተባበሩት መንግሥታት ማስታወቁን ሰማን። እ.ኤ.አ. በ2050 ቁጥሩ 9.7 ቢሊዮን ይሆናል ተብሎ ይገመታል፤ እስከዚያ ከሚጨመረው ሕዝብ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በ8 አገሮች ሲሆን ከእነዚህ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። እናቴ «ለነዚያ ሁሉ ማን ሊዘራላቸው ነው?» ብላ ጠየቀች። በዓለም ላይ ከሚመረተው ምግብ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ከ2 ሔክታር በታች ይዞታ ካላቸው እንደ እሷ ካሉ ገበሬዎች እንደሚመጣ ስነግራት አላመነችኝም። እኔ ግን ይህን ቁጥር አክብሬ እይዘዋለሁ፤ የእነዚህ ማሳዎች አፈር ከደከመ ሌላው ሁለት ሦስተኛ ሊሸከመው አይችልም።

ታኅሣሥ 12 ቀን

በወንፈል ፈልፍለን ጨረስን፤ ፍሬው 10 ቀን በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ዛሬ መዘንን። ከ1ኛው መደብ 310 ኪሎ፣ ከ2ኛው 195 ኪሎ፣ ከ3ኛው 336 ኪሎ፣ ከ4ኛው 272 ኪሎ ተገኘ፤ ድምሩ 1,113 ኪሎ ነው። ወደ ሔክታር ሲሰላ ሙሉ ማዳበሪያ ያገኘው 50 ኩንታል ያህል፣ ብስባሽ ብቻ ያገኘው 31፣ ሦስቱንም ያጣመረው 54፣ ከግብጦ በኋላ የተዘራው 43 ኩንታል ተኩል ሰጥቷል። ለጥማዱ በሙሉ የገዛነው ማዳበሪያ 25 ኪሎ ዩሪያና 25 ኪሎ ኤንፒኤስ፣ ማለትም የተለመደው ግማሽ ነው፤ ምርቱ ግን በ2013 ዓ.ም. ካገኘነው 73 ኪሎ ይበልጣል።

ይህን ውጤት ከሚገባው በላይ መናገር አልፈልግም። የአንድ ዓመት፣ የአንድ ማሳ ነገር ነው፤ 1ኛውን መደብ ጎርፍ ጎድቶታል፤ 3ኛው ወደ ታች በኩል ስለሚገኝ ከላይ የሚወርደውን ለም አፈር በየዓመቱ ሲቀበል ኖሯል። ሁለት ነገሮች ግን በግልጽ ታይተውኛል። ብስባሽ ብቻውን በመጀመሪያው ዓመት በቆሎን አይመግብም፤ የ2ኛው መደብ 195 ኪሎ ይህን ለሚጠራጠር ሁሉ መልስ ነው። ግማሽ ማዳበሪያ ደግሞ አሲዳማነቱ በተቀነሰና ብስባሽ በገባበት አፈር ላይ ሙሉው ማዳበሪያ ባልታከመ አፈር ላይ ከሚሠራው አያንስም። እናቴ ለአንድ አፍ በዓመት 2 ኩንታል እህል ትይዛለች፤ በዚህ ስሌት ጥማዱ 5 ሰው ተኩል ይመግባል።

ጉልበቱንም ደምሬዋለሁ። ለብስባሹ፣ ለኖራው፣ ለተምቹና ለእርከኑ ከተለመደው ሥራ በላይ የ46 ቀን የሰው ጉልበት ወጥቷል። የማዳበሪያው ዋጋ ወደ ድሮው ቢመለስ ብዙ ገበሬ ይህን ጉልበት ለማውጣት ፈቃደኛ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት የላከ ቤተሰብም ጉልበቱ ላይኖረው ይችላል። ዘላቂ ግብርናን የምንመክር ሰዎች ይህን ሳንሸፋፍን መናገር አለብን።

ጥር 3 ቀን

አምና ከጎተራው በነቀዝ የተበላው ከአንድ ኩንታል ያላነሰ ነበር፤ ይህ ዘንድሮ ካገኘነው የ73 ኪሎ ጭማሪ በላይ ነው። ዘንድሮ ለመብል የምናቆየውን 6 ኩንታል ፒክስ በተባለው ባለ 3 ንብርብር ከረጢት ከተትነው። ከረጢቱ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። አፉ በደንብ ተጠምዝዞ መታሰር አለበት፤ አጎቴ የመጀመሪያውን በአንድ ቋጠሮ ብቻ አስረውት ስለነበር ፈትተን ደግመን በእጥፍ አሰርነው።

ጥር 14 ቀን

በዚህ ሳምንት የተመዘነው ኩበት 12 ኪሎ ነው፤ ምድጃው ከመምጣቱ በፊት 21 ነበር። የቀረው እበት በየቀኑ ወደ ክምሩ ይሄዳል፤ አመዱም ከአጥሩ ሥር መደፋቱ ቀርቶ በቆርቆሮ እየተጠራቀመ ነው።

ለ2015 የመኸር ወቅት መደቦቹን እናዛውራለን። 2ኛው መደብ ኖራውንና ግማሹን ማዳበሪያ ያገኛል፤ 1ኛው መደብ ከበቆሎ አርፎ በነሐሴ ግብጦ ይዘራበታል፤ 4ኛው ላይ ብስባሽ ይጨመራል፤ 3ኛው ላይ ደግሞ ኖራው በሁለተኛው ዓመት የሚሠራውን ለማየት ሌላ ኖራ ሳልጨምር በግማሽ ማዳበሪያ እዘራለሁ። የኖራ ማመልከቻውን ዘንድሮ በታኅሣሥ አስገብቻለሁ። የዴስሞዲየም ዘር ግማሽ ኪሎ ለማግኘት ቃል ተገብቶልኛል፤ ከመጣ በ3ኛው መደብ መስመሮች መካከል ይገባል። ሁለት ክምር ዛሬ ጀምረናል፤ አገዳው ተከታትፎ ነው የገባው።